ለብርድ የተሠራ ቤት በሐሩር ወራት
የፓሪስ ቤቶችና የነዋሪዎቻቸው ታሪክ

በእኛ አገር ክረምት ሲባል ዝናም፥ ጭጋግና ብርድ ይታሰባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጋቢ የሚደረብባቸው ወራት ናቸው። በአውሮፓ ግን እነዚሁ ሁለት ወራት ፀሓይ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የምትበረታባቸው ናቸው፤ ብርዱ የሚጠናው በታኅሣሥና በጥር ነው። ስለዚህ የአውሮፓን ቤት በአማርኛ ለመግለጽ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ቃሉን መወሰን ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ «በጋ» የምንለው የአውሮፓን ሙቅ ወራት ነው፤ «ክረምት» የምንለውም በረዶ የሚወርድበትን ጊዜ ነው። ዓመቱም ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ብርድን ለመከላከል የተሠራ ቤት በሙቀት ወራት እንዴት ይኖርበታል? የሚል ነው። ነገሩ ሲታይ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ይመስላል። ቤት ግን ድንጋይና እንጨት ብቻ አይደለም፤ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚያድር፥ መስኮት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፥ ባለቤቱ በየትኛው ወር ዘግቶት እንደሚሄድ የሚወስን ልማድም ነው። የሕዝብን ኑሮ ለሚያጠና ሰው ይህ ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ያላነሰ ዋጋ አለው።

የፓሪስን ከተማ ለምሳሌ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ለማስረዳት እንደምንሞክረው፥ ፓሪስ ለበጋ ሙቀት የነበራት ዋና መልስ በግንብ ላይ የተሠራ አልነበረም፤ ከተማውን ትቶ መሄድ ነበር። መሄድ የማይችለው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ሁሉ ይልቅ ለፀሓይ በተጋለጠችው ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር። የዚህ አኗኗር ዋጋ በ2003 በብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ተከፈለ።

1. የክረምት ቤት

ዛሬ የምናያት ፓሪስ አብዛኛውን መልኳን ያገኘችው በናፖሌዎን 3ኛ ዘመነ መንግሥት ነው። የሴን አውራጃ ገዥ የነበረው ባሮን ዦርዥ ኦስማን ከ1853 እስከ 1870 ድረስ ጠባቦቹን የጥንት ሰፈሮች እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳናዎችን አወጣ፤ በግራና በቀኛቸውም ቁመታቸው የተስተካከለ የድንጋይ ሕንጻዎች ተሰለፉ። ግንባቸው ነጣ ካለ የኖራ ድንጋይ የተሠራና ወፍራም ነው። በየሳሎኑና በየመኝታ ቤቱ የእሳት ምድጃ አለ፤ ከጣራ በላይ ተደርድሮ የሚታየው የጢስ መውጫ ብዛት ሠሪዎቹ ክረምቱን እንዴት ይፈሩት እንደ ነበረ ይመሰክራል። መስኮቶቹ ረጃጅሞች ናቸው፤ ምክንያቱም በዚያ አገር በታኅሣሥ ፀሓይ የምትወጣው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ የምትጠልቀውም አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ስለዚህ የምትገኘው ብርሃን ሁሉ ወደ ቤት እንድትገባ ይፈለጋል።

ጣራው የተለየ ታሪክ አለው። በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው መሐንዲስ ፍራንሷ ማንሳር (1598–1666) ጎኑ ቀጥ ያለ፥ አናቱ ግን ዘንበል ያለ ጣራ አዘውትሮ ይሠራ ስለ ነበረ እንዲህ ያለው ጣራ በስሙ «ማንሳርድ» ይባላል። የዚህ ጣራ ጥቅሙ በሥሩ ሰው የሚያድርበት ክፍል ማስገኘቱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በቤልጅግ አገር ከሊዬዥ ከተማ አጠገብ የዚንክ ማዕድን በብዛት ይወጣና ይነጠር ጀመር። የዚንክ ቆርቆሮ ቀላል ነው፤ ከባድ የጣራ እንጨት አይፈልግም፤ በማዕዘኑ ሁሉ እየታጠፈ ይሄዳል። ስለዚህ በኦስማን ዘመን የፓሪስ ጣራ በዚንክ ተሸፈነ፤ ዛሬም ከከተማው ጣራ ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ያህሉ ዚንክ ነው ይባላል። ከተማውን ከከፍታ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው የሚያየው ያ ግራጫ መልክ የዚሁ ብረት መልክ ነው።

በዚህ ጣራ ሥር ያሉት ትንንሽ ክፍሎች «ሻምብር ደ ቦን» ይባላሉ፤ የገረድ ክፍል ማለት ነው። ከታች ባሉት ፎቆች የሚኖረው እያንዳንዱ ባለጸጋ ቤተሰብ ለቤት ሠራተኛው ከላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ወደ እርስዋ የሚወጣው በጓሮ በኩል ባለው ጠባብ ደረጃ ነው፤ የምድጃ እሳት አብዛኛውን ጊዜ የላትም፤ ብርሃን የምታገኘውም በጣራው ላይ ከተከፈተች አነስተኛ መስኮት ነው። አሳንሰር ባልነበረበት ዘመን ደረጃ መውጣት የድካም ዋጋ ስለ ነበረው ሀብታም ከታች፥ ድኻ ከላይ ይኖር ነበር። ሠዓሊው ቤርታል በ1845 የአንድ የፓሪስ ቤት ፊት ተገልጦ ውስጡ እንዲታይ አድርጎ ሥሎታል፤ ከታች ያለው ድሎት ፎቅ በፎቅ እየቀነሰ ከጣራው ሥር ወደ ችግር ሲደርስ ያሳያል። ኤሚል ዞላም በ1882 ባወጣው «ፖ ቡይ» በሚባለው ልብ ወለድ የእንዲህ ያለውን ሕንጻ ኑሮ፥ የጌቶቹንም የገረዶቹንም፥ ገልጦታል።

2. ሙቀት ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ

ነገሩ እንዲገባን የሙቀትን ጠባይ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፥ ቀስ ብሎም ይመልሳል። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ክፍሉ ይተፋዋል፤ በዚያን ጊዜ መስኮቱ ተከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ከገባ ግንቡ ታጥቦ ያድራል፥ በማግሥቱም ቤቱን ያቀዘቅዛል። ሌሊቱ ራሱ ያልቀዘቀዘ እንደ ሆነ ግን ግንቡ የትናንቱን ሙቀት ሳያወጣ የዛሬው ይጨመርበታል፤ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ቤቱ እንደ ጋለ ምጣድ ይሆናል። የዚንክ ጣራ ጠባይ ከዚህ ይለያል። ሥሥ ስለ ሆነ ሙቀትን የሚያቆይበት ውፍረት የለውም፤ ፀሓይ እንደ ነካው ይግላል፥ ከሥሩ መከታ ካልተደረገለትም ግለቱ ወዲያው ወደ ክፍሉ ይወርዳል። ስለዚህ የገረዲቱ ክፍል ክረምት ትበርዳለች፥ በጋም ትነድዳለች።

ሦስተኛው መንገድ መስኮት ነው። የፀሓይ ብርሃን በመስተዋት ውስጥ ያልፋል፤ ወለሉንና ዕቃውን ካሞቀ በኋላ ግን የሚወጣው ሙቀት በመስተዋቱ በኩል እንደ ገባው አይመለስም። ስለዚህ ከውስጥ የተጋረደ መጋረጃ ብርሃንን ይከለክላል እንጂ ሙቀትን እምብዛም አይከለክልም፤ ፀሓይዋ አስቀድማ ገብታለችና። ጥላ ከመስተዋቱ ውጭ መሆን አለበት። ፈረንሳዮች ለዚህ የሚያገለግል፥ ከውጭ የሚዘጋ፥ በቀጫጭን ሳንቃ የተሠራ አየር የሚያሳልፍ መዝጊያ አላቸው። ስሙ «ፔርሲየን» ነው፤ ከፋርስ አገር ስም የወጣ ሲሆን ዘዴው ከሞቃት አገር እንደ መጣ ይታመን እንደ ነበረ ያሳያል። በዚሁ ዐይነት የተሠራው «ዣሉዚ» የሚባለው ደግሞ ስሙን ያገኘው ቅናት ከሚል የኢጣልያ ቃል ነው፤ በውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ ወደ ውጭ ማየት ስለሚችል።

ዕቃው አንድ ቢሆንም የአጠቃቀሙ ልማድ እንደ አውራጃው ይለያያል። በደቡብ ፈረንሳይ፥ በፕሮቫንስ፥ መዝጊያው የቀን ዕቃ ነው። ባልቴቶቹ ጧት አየሩ ሳይሞቅ መስኮቱንም መዝጊያውንም ይዘጋሉ፤ ቀኑን በጨለማ ቤት ይውላሉ፤ ፀሓይ ስትጠልቅ ሁሉን ይከፍታሉ። የገጠሩም ቤት ጀርባውን ሚስትራል ለሚባለው የሰሜን ነፋስ ሰጥቶ፥ በፊቱ በበጋ ቅጠል የሚያበቅልና በክረምት የሚረግፍ ዛፍ ተክሎ ይቀመጣል። በፓሪስ ግን መዝጊያው በዋናው የሌሊት ዕቃ ነው፤ ብርድን፥ ሌባንና የጎዳና መብራትን ለመከላከል ሲመሽ ይዘጋል፥ ሲነጋ ይከፈታል። ይኸው ሥርዓት በሐሩር ጊዜ ሲጠበቅ ሙቀቱን ቀን አስገብቶ ሌሊት የሚቈልፍ ይሆናል። ከጣራው ሥር ያሉት ትንንሽ መስኮቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ መዝጊያ ራሱ የላቸውም።

ከዚህም በቀር ከተማ ከገጠር ይልቅ ይሞቃል። እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ ከ1818 እስከ 1820 ባሳተመው ስለ ለንደን አየር በጻፈው መጽሐፍ የከተማው ሌሊት ከዙሪያው ገጠር ይልቅ የሞቀ መሆኑን በመለካት አሳይቷል። ድንጋዩና የጎዳናው ንጣፍ ቀን የጠጡትን ሌሊት ይመልሳሉ፤ ዛፍና እርጥብ መሬት የሚሰጡት ቅዝቃዜም ይጎድላል።

ለብርድ የተሠራ ቤት ሁሉ እንዲህ አንድ ወገን ብቻ ያየ ነው ማለት ግን አይደለም። ክረምቱም በጋውም የሚጸናባት ኮሪያ፥ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ የዘመቱባት አገር፥ ሁለቱን በአንድ ጣራ ሥር አስማምታ ነበር። በጥንታዊው የኮሪያ ቤት የወጥ ቤቱ እሳት ጢስ በወለሉ ሥር እየተላለፈ የመኝታ ክፍሎቹን ያሞቃል፤ ይህ «ኦንዶል» ይባላል። በክፍሎቹ መካከል ግን ከመሬት ከፍ ብሎ በሳንቃ የተሠራ፥ ነፋስ ከሥሩና ከፊቱ የሚያልፍበት «ማሩ» የሚባል ሰፊ ቦታ አለ፤ በጋ ሲሆን ቤተሰቡ ወደዚያ ይወጣል። በሮቹ ተነሥተው ከጣራው ይንጠለጠላሉ። ወለሉ እንዳይሞቅም ምግብ የሚበስለው በግቢው ውስጥ በተለየ ምድጃ ነው። ቤተሰቡ በጋ ሲመጣ ከቤቱ አይሰደድም፤ በዚያው ቤት ውስጥ ከክረምቱ ቦታ ወደ በጋው ቦታ ይዛወራል።

3. ቤትን ትቶ መሄድ

የፓሪስ ባለጸጋ ግን የሚዛወረው ከቤቱ ወጥቶ ነበር። በጋ ሲገባ ወደ ገጠር ርስቱ ይሄዳል። የምድር ባቡር ከተዘረጋ በኋላ ደግሞ የባሕር ዳር ከተሞች ለዚሁ ተብለው ተቈረቈሩ፤ የናፖሌዎን 3ኛ ወንድም፥ መስፍኑ ሞርኒ፥ በ1860 ገደማ ዶቪልን ሲያስጀምር ባቡሩ በ1863 እዚያ ደረሰ። በከተማ የቀረው ቤት የውጭ መዝጊያው ይዘጋል፥ ወንበሩና ሶፋው ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በወፍራም ግንብ መካከል መዝጊያው ቀንም ሌትም የተዘጋ ክፍል ከሕንጻው ሁሉ የቀዘቀዘው ክፍል ነው፤ ስለዚህ በነሐሴ ወር በፓሪስ ለመኖር የሚመቹት ክፍሎች ማንም የማያድርባቸው ነበሩ።

ይህ የባለጸጎች ልማድ በ20ኛው መቶ ዓመት የሕዝብ መብት ሆነ። በ1936 የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ለሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ደነገገ፤ በ1956 ሦስት፥ በ1969 አራት፥ በ1982 አምስት ሳምንት ሆነ። ታላቅ የማኅበራዊ ኑሮ ድል ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድ ወር ሲሄድ ሱቁ ይዘጋል፥ ሐኪሙ ይሄዳል፥ ጎረቤቱም ልጁም ይሄዳሉ፤ የቀረው ሰው ከምን ጊዜውም ይልቅ ብቻውን ይሆናል።

የቀሩትም እነማን እንደ ነበሩ ታሪክ ያሳያል። በ1911 በጋ በፈረንሳይ የወረደው ሐሩር ከ40,000 በላይ ሰዎችን እንደ ገደለ ይገመታል፤ ከሟቾቹ የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ፤ ወተቱ በሙቀት እየተበላሸ፥ ውኃውም ንጹሕ ሳይሆን እየቀረ በተቅማጥ ያልቁ ነበር። ወተትና ውኃ ሲሻሻል ይህ ጥፋት ቀረ። የገረዶቹም ክፍል ሰዎችን ለወጠ፤ በየቤተሰቡ የምታድር ሠራተኛ መቅጠር እየቀረ ሲሄድ ተማሪዎች፥ ስደተኞች፥ ጡረታቸው የማይበቃ ሽማግሎችና ባልቴቶች ገቡባት። አንዲት የኪራይ ቤት ለመኖሪያ የተገባች እንድትባል ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር ወለል ወይም 20 ሜትር ኩብ ስፋት እንዲኖራት በ2002 በወጣ ደንብ ተወሰነ፤ ብዙዎቹ የጣራ ሥር ክፍሎች ግን ከዚያ ያነሱ ናቸው።

4. የ2003 ሐሩር

በ2003 ከኦገስት 4 ቀን እስከ 12 ቀን ድረስ፥ በእኛ አቈጣጠር ከሐምሌ 28 እስከ ነሐሴ 6 ቀን 1995 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ በፓሪስ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ተጠጋ። ከቀኑ ይልቅ የከፋው ሌሊቱ ነበር፤ ከ25 ዲግሪ በታች ያልወረደባቸው ሌሊቶች ታዩ። ከላይ እንደ ተገለጠው ግንቡ የሚታጠብበት ቀዝቃዛ አየር አልተገኘም።

በዚያ ወር በመላ ፈረንሳይ ከወትሮው በላይ የሞቱት ሰዎች 15,000 ያህል ናቸው፤ በዚያ በጋ በአውሮፓ ሁሉ የሞቱት ከ70,000 በላይ እንደ ሆኑ ሊቃውንት ኋላ ገምተዋል። በፓሪስ የሟቹ ቍጥር ከወትሮው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የሬሳ ማቆያ ቦታ ስለ ጠፋ ከከተማው ወጣ ብሎ በሩንዢስ ባለው የምግብ ገበያ የነበረ የማቀዝቀዣ አዳራሽ ለዚሁ ዋለ። ከሟቾቹ መካከል ዘመድ መጥቶ ያልተረከባቸው 57 ሰዎች ሴፕቴምበር 3 ቀን ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በተገኙበት በቲዬ መቃብር ተቀበሩ።

አደጋው በሁሉ ላይ እኩል አልወደቀም። አብዛኞቹ ሟቾች ዕድሜያቸው ከ75 በላይ ነበር፤ ከወንዶቹም ይልቅ ሴቶቹ በዙ። በጤና ሊቃውንት ከተደረገው ምርመራ እንደ ታወቀው፥ መኝታ ክፍላቸው በቀጥታ ከጣራው ሥር የሆነ፥ ቤታቸውም የሙቀት መከታ የሌለው ሽማግሎች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ እጥፍ ለሞት ተጋልጠው ነበር። ከአልጋ መነሣት የሚችሉትና ከሰው ጋራ የሚገናኙት ግን ይልቁን ተርፈዋል። እነዚህ ነጥቦች ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም። አምስትና ስድስት ፎቅ በደረጃ የምትወጣ ባልቴት እግርዋ ሲደክም ከክፍልዋ መውጣት ትተዋለች፤ የማትወጣ ሴት አትታይም፤ የማትታይም አትጠየቅም። ቀድሞ በየሕንጻው ደጅ የሚኖሩት «ኮንሲየርዥ» የሚባሉት በር ጠባቂዎች ማን እንደ ወጣና ማን ሳይታይ እንደ ሰነበተ ያውቁ ነበር። እነርሱ እየቀነሱ ሲሄዱ በብዙ ሕንጻ በሩን የሚጠብቀው በቍጥር የሚከፈት ቍልፍ ሆነ። የታሪክ ጸሓፊው ሪቻርድ ኬለር በ2015 ባወጣው ጥናቱ ስለዚሁ ጥፋት ሲጽፍ የሙቀቱን ያህል ብቸኝነትን የሞቱ ምክንያት አድርጎ የመረመረው ያለ ነገር አይደለም።

5. ከዚያ ወዲህ

መንግሥት በ2004 የሐሩር መከላከያ ዕቅድ አወጣ። እያንዳንዱ የከተማ አስተዳደር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሎችና ደካሞች በፈቃዳቸው የሚጻፉበት መዝገብ ይይዛል፤ ሐሩር ሲታወጅ በስልክ ይጠየቃሉ፥ ያልመለሰ ሰው ቤቱ ድረስ ይታያል። ለሽማግሎች መርጃ እንዲሆን ሠራተኛው አንድ ቀን ያለ ደመወዝ የሚሠራበት «የመተባበር ቀን» በዚያው ዓመት በሕግ ተወሰነ። በየበጋውም ለሕዝቡ የሚነገረው ምክር የፕሮቫንስ ባልቴቶች ሲሠሩበት የኖሩት ነው፤ ቀን ዝጋ፥ ሌሊት ክፈት ይላል።

ጁላይ 25 ቀን 2019 በፓሪስ ሙቀቱ 42.6 ዲግሪ ደርሶ ከ1947 ጀምሮ የቆየውን የ40.4 ዲግሪ ወሰን አለፈ። በዚያ በጋ ሁሉ ግን በፈረንሳይ በሐሩር የሞቱት 1,500 ያህል ነበሩ። የ2019ኙ ሐሩር ከ2003ቱ ያጠረ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ሆኖም በእነዚያ ዓመታት መካከል የፓሪስ ግንብና ጣራ በብዛት እንዳልተለወጠ ሲታሰብ፥ የዳነው ሰው አብዛኛው የዳነው በመጠየቅና በልማድ ለውጥ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል።

ቤቱን ራሱን መለወጥ ግን አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። በአሮጌ ሕንጻ ላይ የውጭ መዝጊያ ለመጨመር፥ የጣራውንም መልክ ለመለወጥ የቅርስ ጠባቂዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ይልቁንም የፓሪስ ዚንክ ጣራ ሠሪዎች ሞያ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ሞያው በእውነት ክብር የሚገባው ነው። ዳሩ ግን ቅርስ የተባለው ጣራ ከሥሩ ለሚያድረው ሰው ምን እንደ ሆነ አብሮ ሊጻፍ ይገባል፤ መልኩን ሳይነኩ ከውስጥ በኩል መከታ ማልበስ ሁለቱን ሊያስታርቅ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ደግሞ የአንዱን ክፍል ሙቀት አውጥቶ ወደ ጎዳናው ይጥላል፤ ጎረቤቱም መስኮቱን ሲከፍት ያንኑ ይቀበላል።

6. ለእኛ ጥናት የሚሰጠው ትምህርት

ፈረንሳዮች ለሙቀት መሥራት አያውቁም ነበር እንዳይባል በአገራችን ምስክር አለ። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ከዚራ የተባለውን ሰፈር ሲያቅዱ ጎዳናውን በዛፍ አጠለሉት፤ ለባቡሩ ሹማምንት በተሠሩትም ቤቶች ፊት በረንዳ አደረጉ። ዕውቀቱ ስለ ነበረ በዚያው ዘመን የፓሪስዋ ገረድ ከጋለ ቆርቆሮ ሥር ማደርዋ ዘዴ በመጥፋቱ አልነበረም፤ ዘዴው ለማን ይዋል የሚለው ጥያቄ ስላልተነሣ ነው።

ይህ ጥያቄ ከእኛም የራቀ አይደለም። የሣር ክዳን ወፍራም ስለ ሆነ የቀኑን ፀሓይም የሌሊቱን ውርጭም ይመክታል። በከተሞቻችን የተተካው ቆርቆሮ ከዝናምና ከእሳት ይጠብቃል፥ ይበረክታልም፤ ነገር ግን ዚንክ የተቀባ ሥሥ ብረት ነውና ጠባዩ የፓሪሱ ጣራ ጠባይ ነው። ባለቤቱ በሚኖርበት ዋና ቤት ኮርኒስ ተመትቶ ከቆርቆሮው በታች የአየር መከታ ይገኛል፤ በጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ኮርኒስ የለም፥ ጣራውም ዝቅ ያለ ነው፥ መስኮቱም አንድ ነው። በደጋ ከተማ ይህ ጉዳት ቀን ሙቀት ሌሊት ብርድ ሆኖ ያልፋል። ያው የደጋ ቤት ወደ ቆላ ከተማ ሲወርድ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የአፋር ሴቶች ከሰሌን የሚሠሩት፥ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ምንጣፉ የሚነሣው ቤት የያዘው ዕውቀት ሳይጠየቅ ይታለፋልና።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ስለ ቤት አሠራር መረጃ ሲሰበስቡ የግንቡን ልክና የእንጨቱን ስም በመጻፍ እንዳይወሰኑ እናሳስባለን። መስኮቱ በስንት ሰዓት ይከፈታል? ማንስ ይከፍተዋል? ምግብ በሙቀት ወራት የት ይበስላል? ማን ከየትኛው ጣራ ሥር ያድራል? ሌላው ሁሉ ወደ በዓል ወይም ወደ አገር ቤት ሲሄድ ቤቱን የሚጠብቀው ማን ነው? እርሱንስ ማን ይጠይቀዋል? በፓሪስ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የተፈለገው 15,000 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። በእኛ አገር መልሱን የሚያውቁት እናቶችና አባቶች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይቻላል።